የቤንጋሊ ፊደል ኮምፒውተር ላይ ሲለጠፍ ለምን ይበታተናል? የኛስ ለምን አይበታተንም? ለእሁድ የሚደርስ ስራ ነው

ማርቆስ_ህትመት

እንዴት ሰነበታችሁ። ደብረ ማርቆስ ትንሽዬ የህትመት ቤት አለችኝ፣ ማህተም፣ ባነር፣ የሰርግ ካርድ፣ እንጨት ላይ በሌዘር መቅረፅ ምናምን ነው የምሰራው። ማክሰኞ ለት አራት ልጆች መጡና አንድ ህንዳዊ መምህራቸው ኮንትራቱን ጨርሶ እሁድ ወደ ሀገሩ ሊሄድ ስለሆነ የዋንዛ ጣውላ ላይ ስሙን በአማርኛ፣ ከስሩ ደግሞ በራሱ ቋንቋ "የተከበሩ መምህር" የሚል እንድቀርፅላቸው አዘዙኝ። ሰውየው የኮልካታ ሰው ስለሆነ ቋንቋው ሂንዲ ሳይሆን ቤንጋሊ ነው አሉኝ፣ እኔ ልዩነቱን የት አውቄ። ፅሁፉን በቴሌግራም የላከችልን ሴት ልጁ ናት፣ ሰርፕራይዝ ስለሆነ እሱን ጠርቶ ማስነበብ አይቻልም።

ነገሩ ይሄውላችሁ። ስልኬ ላይ ሸጋ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ፊደሎቹ ከላይ ባንድ መስመር ተያይዘው ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ተንጠልጥለዋል። ኮፒ አድርጌ የዲዛይን ፕሮግራሜ ላይ (የቆየ ቨርዥን ነው፣ አትሳቁ) ስለጥፈው ግን ሌላ ፅሁፍ ይሆናል። ሁለተኛው ቃል "መምህር" ማለት ነው፣ ሲነበብ ሺክኮክ አሉኝ። ስልኩ ላይ 3 ፊደል ነው የሚመስለው፣ የመጀመሪያው ከግራው ጫፉ የቆለመመ ዘንግ ይዟል፣ መሀለኛው ወፈር ያለ ቅርፅ ነው፣ የመጨረሻው ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ዘንጉ ተነስቶ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ መሀለኛው ለሁለት ይሰነጠቅና አንደኛው ቁራጭ ከስሩ ትንሽ ሰያፍ ጭረት ያወጣል።

እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ዎርድ ላይ ወሰድኩትና ዘንጉን ቆርጬ ከፊት ለፊት ለጠፍኩት፣ ጭራሽ በነጥብ ነጥብ የተሰራ ክብ አብሮት መጣ። ክቡን ለማጥፋት ስሞክር ዘንጉም አብሮ ይጠፋል።

ሌላ ደግሞ። ልጅቷ መጀመሪያ ከስልኳ ላከች፣ ቀጥሎ "እርግጠኛ ለመሆን" ብላ ከላፕቶፕ ደግማ ላከች። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ናቸው። ኤክሴል ላይ አስገብቼ ብቆጥራቸው ሺክኮክ ሁለቱም ላይ 6 ነው (3 ፊደል 6!)፣ የመጀመሪያው ቃል ግን፣ "የተከበሩ" የሚለው፣ ከስልኩ የመጣው 8 ከላፕቶፑ የመጣው 9 ይላል። እኩል ናቸው ወይ ብዬ ብጠይቀው ፎልስ አለኝ። የቱን ልቅረፅ? እንጨት ላይ ከተቃጠለ በኋላ እርማት የለም።

ጥያቄዬ ባጭሩ፣ እነዚህ የተጣበቁ ፊደሎች አንድ በአንድ ተዘጋጅተው የተቀመጡበት ፎንት ወይ ኪቦርድ የለም ወይ? የኛ ፊደል ስንት ዘመን ስፅፍበት እንዲህ ተሰንጥቆብኝ አያውቅም።


ቡሬ_ሞባይል

ፎንት ነው ወንድሜ። ኖቶ ሳንስ ቤንጋሊ አውርድና ጫን፣ አለቀ።


ማርቆስ_ህትመት

ጫንኩት። ቅርፁ አማረ እንጂ ስብርባሪው ያው ስብርባሪ ነው፣ አሁን የሚያምር ስብርባሪ ሆነ።


ጣና_ኮድ

ማርቆስ፣ ቡሬ ግማሹን ነግሮሃል። ፎንቱ ግድ ነው፣ ግን ፎንት ማለት ጤፍ ማለት ነው፣ እንጀራ የሚሆነው የሚጋግር ሲኖር ነው። ባህር ዳር ሆኜ ሶፍትዌር እየሰራሁ የምኖር ሰው ነኝ፣ ይሄን ነገር አንዴ ለስራ ገብቼበት ሁለት ሳምንት በልቶኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። የቤንጋሊውን ፊደል ራሱን እዚህ ብለጥፈው ግማሻችሁ ስልክ ላይ ሳጥን ሆኖ ስለሚታይ በኛ ፊደል እያልኩ ነው የምሄደው።

መጀመሪያ የኛን እንይ። ዩኒኮድ (ለአለም ፊደሎች ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ሰንጠረዥ) ውስጥ ፊደላችን የገባው በ1999 ነው እንደ ፈረንጅ፣ ቨርዥን 3.0 ላይ፣ ሲገባም ገበታው እንዳለ ነው የገባው። ሀ ቁጥሩ 1200 ነው፣ ሁ 1201፣ ሂ 1202 እያለ ይሄዳል፣ ለ ላይ ሲደርስ 1208። ኮምፒውተሩ ዘንድ መ እና ሙ ዘመድ መሆናቸው ራሱ አይታወቅም፣ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው በቃ። አንድ ቁጥር አንድ ቅርፅ ስለሆነ ፎንቱ ካለ የሚሳሳትበት ቦታ የለም፣ የዛገ ኮምፒውተርም አሮጌ ስልክም በትክክል ያወጣዋል። አንተ "ተሰንጥቆብኝ አያውቅም" ያልከው ለዚህ ነው፣ የሚሰነጠቅ ነገር ስለሌለው።

ቤንጋሊ የተሰጠው ቦታ 128 ብቻ ነው፣ ከ0980 ይጀምራል። እዛ ውስጥ ተነባቢዎቹ አሉ፣ ራሳቸውን ችለው የሚቆሙ አናባቢዎች አሉ፣ ተነባቢ ላይ የሚለጠፉ የአናባቢ ምልክቶች አሉ፣ ቁጥሮቻቸው አሉ፣ የታካ የገንዘብ ምልክት ሳይቀር አለ። አንተ የምትፈልጋቸው የተጣበቁት ግን የሉም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፣ አንዳቸውም የራሳቸው ቁጥር የላቸውም፣ የሚቀመጠው መስሪያቸው ብቻ ነው።

መስሪያቸው እንዴት ነው ካልክ ሳድስን አስብ። የነሱ ተነባቢ ብቻውን ሲፃፍ ውስጡ አናባቢ አለው፣ የመጀመሪያው ተነባቢያቸው ክ ሳይሆን "ኮ" ተብሎ ነው የሚነበበው፣ የኛ ግእዙ ከ ውስጡ ድምፅ እንዳለው ማለት ነው። ያንን ድምፅ መግደል ሲፈልጉ ሀሰንታ የምትባል ምልክት ከኋላው ታስገባለህ፣ ቁጥሯ 09ሲዲ ነው (ቁጥሮቹ በ16 ስለሚቆጠሩ ከ9 በኋላ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ ይሄዳሉ)። በኛ ቋንቋ ሀሰንታ ማለት ግእዙን ሳድስ የምታደርግ በትር ናት። እኛ ሳድሱን ራሱን የቻለ ፊደል አድርገን ቁጥር ሰጠነው፣ እነሱ በትሯን ለብቻ አስቀመጧት። ኮምፒውተሩ ኮ፣ ሀሰንታ፣ ሾ ተከታትለው ሲያይ "እሽ፣ ይሄ ክ ከሚቀጥለው ጋር ተጋብቷል" ብሎ ፎንቱ ሆድ ውስጥ ያለውን የጥምሩን ቅርፅ ፈልጎ ያወጣል፣ ያ ቅርፅ ደግሞ እናትና አባቱን ላይመስል ይችላል። አንተ ጋ ያለው መሀለኛው ወፍራም ፊደል እሱ ነው። ያየሃት ሰያፍ ጭረት ሀሰንታ ራሷ ናት፣ የሚያጋባት ፕሮግራም ስታጣ ራቁቷን ወጣች።

ስለዚህ ሺክኮክ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦ ሾ፣ የኢ ምልክት፣ ኮ፣ ሀሰንታ፣ ሌላ አይነት ሾ፣ ኮ። ቁጠረው፣ 6። ኤክሴልህ አልዋሸም። ዩቲኤፍ 8 ላይ (ቁጥሮቹ ፋይል ውስጥ የሚፃፉበት መንገድ ነው) እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሆነ 18 ባይት ነው፣ የኛ "መምህር" በ4 ፊደል 12 ባይት። አይንህ የሚያየው ደግሞ 3 ነው። እንደውም በአሮጌው የዩኒኮድ አቆራረጥ ህግ ብትቆጥረው 4 ይመጣል፣ ጥምሩን ሀሰንታዋ ላይ ይቆርጠው ነበር፣ ጥምሩን እንደ አንድ የሚይዝ ህግ የገባው በ2023 ቨርዥን 15.1 ላይ ነው። እና ቃሉ ስንት ፊደል ነው ብትለኝ 6ም 4ም 3ም ልልህ እችላለሁ፣ ማን እንደቆጠረው ነው።

ዘንጉ ለምን ዞረ? ያ ዘንግ የኢ ድምፅ ምልክት ነው። በአይን ከተነባቢው በፊት ይቆማል፣ በጆሮ ግን ከተነባቢው በኋላ ነው የሚሰማው፣ ሺ ስትል መጀመሪያ ሽ ነዋ። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው በጆሮው ቅደም ተከተል ነው፣ ወደ ግራ አሻግሮ የማቆሙ ስራ የፕሮግራሙ ነው። ያንተ ፕሮግራም ይሄን ስራ አያውቀውም፣ የመጣለትን በመጣበት ተራ ደረደረው። ዎርድ ግን ያውቀዋል፣ አንተ ዘንጉን በእጅህ ከፊት ስትለጥፈው "ይሄ አናባቢ ተሸካሚ የለውም" ብሎ የነጥብ ክብ አስቀመጠልህ። ክቡ ፊደል አይደለም፣ ባለቤቱ የጠፋ እቃ ላይ እንደሚለጠፍ ምልክት ነው።

የመጀመሪያው ቃል ደግሞ ይብሳል። ሽሮድዴዮ ነው የሚነበበው አይደል? ሾ፣ ሀሰንታ፣ ሮ፣ ዶ፣ ሀሰንታ፣ ድሆ፣ የኤ ምልክት፣ ዮ። የኤ ምልክቷ የተቀመጠችው ከሁለቱ ድ በኋላ ነው፣ ስትታይ ግን ሁለቱንም ዘላ ከጥምሩ ግራ ነው የምትቆመው። ይሄን በእጅ እየቆረጡ መስራት አይሞከርም።

መፍትሄው፦ ፅሁፉን ልጅቷ እንደላከችው ሳትነካ ዎርድ ወይ ብሮውዘር ላይ ለጥፍ፣ ትክክል መሆኑን እይ፣ ፒዲኤፍ አድርግና ወደ ዲዛይኑ እንደ ስእል አስገባው። ፊደል ሆኖ ከገባ ይበታተናል፣ ስእል ሆኖ ከገባ የሚበታተን ነገር የለውም።


ዳንግላ_ሌዘር

ጣና ያለው ልክ ነው፣ እኔ የእጁን ስራ ልጨምር። ፒዲኤፉን ካስገባህ በኋላ ከርቭ ማድረግህን (ፊደሉን ወደ መስመር ስእል መቀየር) እንዳትረሳ፣ አለዚያ ሌዘሩ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ እንደገና ጉድ ይሰራሃል። ከርቭ ስታደርገው ደግሞ አንድ ነገር ታያለህ፣ ያ የልብስ ገመድ ያልከው ላይኛው መስመር አንድ ወጥ አይደለም። እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁራጭ ገመድ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ቁራጮቹ ጫፍና ጫፋቸው ተደራርቦ ነው አንድ የሚመስሉት። ሌዘሩ በጠርዝ እየሄደ እንዲቆርጥ ካዘዝከው በየመጋጠሚያው ትንንሽ ቋሚ መስመር እያቃጠለ ይሄዳል። እኔ የሂንዲ የፀሎት ፅሁፍ ያለበት የቁልፍ መያዣ ለአንድ ሱቅ ስሰራ ሃያውን ነው ያበላሸሁት፣ መስመሩ የተሰፋ ይመስል ነበር። ስለዚህ ሁሉንም ምረጥና ዌልድ በለው፣ አንድ አካል ይሁን። ዋንዛ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክር፣ እንጨቱ ለስላሳ ነው ቶሎ ይጠልቅብሃል።


የዱሮው_ኩዌት

ፍኖተ ሰላም ነኝ፣ ሰባት አመት ኩዌት ስሰራ ክፍሌ ውስጥ ሦስት የባንግላዴሽ ልጆች ነበሩ፣ ማንበብ አስተምረውኛል፣ መጻፍ ግን እግዜር ይይላቸው አልሆነልኝም።

ማርቆስ አንድ ነገር ስማኝ። ሽሮድዴዮ መጨረሻ ላይ ያለችው ዮ ከስሯ አንዲት ነጥብ አለቻት። እሷን ነጥብ እንዳትነካ! አንተ ዲዛይን ስታፀዳ የምትበተን ነጥብ ሁሉ ቆሻሻ ይመስልሃል፣ ሌዘሩም ትንሽ ነገር ላይ ይዘላል። ነጥቧ ከጠፋች ያ ፊደል ዮ መሆኑ ይቀራል፣ ጆ ነው የሚሆነው። መምህሩ በርግጥ ይገባዋል፣ ግን ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እድሜ ልኩን የተሳሳተ ፊደል ሲያይ ይኖራል።

ሌላው፣ ሾ ሦስት አይነት ነው። ሺክኮክ ውስጥ ብቻ ሁለት የተለያዩ አሉ። ታሎቦ ሾ፣ ሙርዶንኖ ሾ፣ ዶንቶ ሾ ይሏቸዋል፣ አንዱ የላንቃ አንዱ የጥርስ እንደማለት ነው ስማቸው፣ ድምፃቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው ሽ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ሲጻጻፉ የቱ ሾ ነው እያሉ ይጨቃጨቁ ነበር። ስለዚህ በጆሮህ ሰምተህ ሌላ ቦታ ላይ ልጻፈው እንዳትል፣ የላከችልህን ብቻ።

እነዛ ልጆች ታዲያ ሲጽፉ ልክ እንደኛ በላቲን ፊደል ነበር የሚመቱት፣ አቭሮ በሚባል፣ በ2003 የወጣ ነው፣ ድምፁን ትመታለህ ፊደሉን እሱ ይሰራዋል። አንደኛው ግን ሀገሩ የመንግስት ቢሮ ጸሀፊ ነበርኩ የሚል፣ ቢጆይ የሚባለውን የ1988ቱን አቀማመጥ ነበር የለመደው፣ በጣቱ ሀሰንታዋን ራሱ እየመታ፣ ኪቦርዱን ሳያይ። ፍጥነቱን ብታዩት።


ጣና_ኮድ

ኩዌት እጅህን ይባርከው፣ የ8 እና የ9 እንቆቅልሽ ያችው ነጥብ ናት!

ያቺ ባለ ነጥብ ዮ ሁለት መንገድ አላት። አንዱ ከነነጥቧ አንድ ቁጥር ተሰጥቷታል፣ 09ዲኤፍ። ሌላው ነጥብ የሌላትን ፊደል ትፅፍና ነጥቧን ለብቻዋ ታስከትላለህ፣ 09ኤኤፍ ቀጥሎ 09ቢሲ። ስክሪን ላይ ፍፁም አንድ ናቸው፣ ፋይሉ ውስጥ ግን አንዱ አንድ አንዱ ሁለት ነው። የልጅቷ ስልክ ኪቦርድ አንደኛውን ላፕቶፑ ሁለተኛውን አወጣ፣ በዚህ ነው 8 እና 9 የሆነብህ። እንዲህ አይነት ፊደሎች ሦስት ናቸው፣ ይቺ ዮ እና ሁለት የሮ አይነቶች።

አስቂኙ ደግሞ ይሄ ነው። እንዲህ ሁለት መልክ ያለውን ፅሁፍ አንድ ለማድረግ ኤንኤፍሲ የሚባል ማስተካከያ አለ፣ ስራው የተለያየውን አንድ ላይ መሰብሰብ ነው። እነዚህን ሦስቱን ግን ከመሰብሰብ የተከለከሉ ዝርዝር ውስጥ አስገብተዋቸዋል፣ ስለዚህ ማስተካከያው ሲያልፍባቸው የተሰበሰበችዋን ይበትናታል። 8 የነበረው 9 ይሆናል። መጀመሪያ ሳየው ፕሮግራሜ ተበላሸ ብዬ ግማሽ ቀን ፈልጌያለሁ።

ላንተ ስራ ለውጥ የለውም፣ ከርቭ ከሆነ በኋላ ሁለቱም አንድ እንጨት ናቸው። የደምበኞች ስም ዝርዝር ይዘህ ብትፈልግ ግን ግማሹ ሰው አይገኝም።


ቅኔ_ቤት_ያደገ

ልጆች፣ ሳነብ ቆይቼ ልግባ ብዬ ነው። ዋሸራ ቅኔ ተምሬ በኋላ ነው ኮምፒውተር የነካሁት፣ አሁን የድሮ መፃህፍት በመተየብ ነው የምተዳደረው።

ይሄ የሦስቱ ሾ ነገር አስቆኛል። ንጉሡ ሠ እሳቱ ሰ እያልን፣ ሀሌታው ሀ ሐመሩ ሐ ብዙኀኑ ኀ እያልን ያደግን ሰዎች ነን፣ ለካ ጋንጀስ ዳርም ለፊደሉ ቅፅል ስም እያወጡ ነው የሚለዩት። ማርቆስ ሠርግ ብለህ ያስቀመጥከውን ካርድ ሰርግ ብለህ ፈልገው እስኪ። አታገኘውም። እና "የኛ አይሰነጠቅም" ብላችሁ አትኩሩ።

ጥያቄ አለኝ ለጣናው ልጅ። ሳድሱን በበትር እንደሚያወጡት ካልክ የኛንስ ለምን እንደዛ አላደረጉትም? 33ቱን ፊደል አስቀምጦ ስድስት የድምፅ ምልክት መጨመር ይበቃ ነበር እኮ። እናትየዋ አንድ ናት፣ ካዕብ ከጎኗ ቀጥላ፣ ሳልስ ከእግሯ ቀጥላ ነው የሚወለዱት።


ጣና_ኮድ

የኔታ (ይፈቀድልኝ)፣ በወረቀት ሲታሰብ ይቻል ነበር። ግን ገበታውን ልብ ብለው ቢያዩት ካዕብ ሁሉ አንድ አይነት አይደለም። ሉ ቀኝ ጎኗ ላይ ቅጥያ አላት፣ ሩ ግን ወገቧ ነው የሚለወጠው፣ ሳድሱማ ህግ የሚባል የለውም፣ ል አንገቷን ትሰብራለች፣ ር ሌላ፣ ን ሌላ። ቤንጋሊ ላይ የኢ ዘንግ የትም ብትሄድ ያው ዘንግ ናት፣ ለብቻዋ ነቅለህ ማስቀመጥ ይቻላል። የኛዋን ምልክት ነቅለህ ብታወጣት ብቻዋን ምን እንደምትመስል ራሱ መስማማት አይቻልም። ደግሞ የነሱ ጥምር ተነባቢ በተነባቢ ላይ ይደራረባል፣ ነፃነት ማለት የሆነ አንድ ቃላቸው ውስጥ ኖ፣ ቶ፣ ሮ፣ ዮ አራቱ ተጋብተው አንድ ቁልል ይሆናሉ፣ መሀላቸው ሦስት ሀሰንታ ገብቶ 7 ቁጥር ማለት ነው። ያንን ሁሉ አንድ በአንድ ቁጥር እንስጥ ብትል ማለቂያ የለውም። የኛ ገበታ ግን ያልቃል፣ ልጅ እያለን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አልቆ አይተነዋል። መጀመሪያ የተሰጠን 384 ቦታ በቂ ነበር።

ቢሆንም ቤተሰብነቱ ቁጥሩ ውስጥ ተደብቆ አለ። ረድፉ ሁሉ በ8 በ8 ነው የተደረደረው። የፊደሉ ቁጥር ከሀ ቁጥር ስንት እንደሚርቅ ያስሉና ለ8 ያካፍሉት፣ ቀሪው 0 ከሆነ ግእዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሳልስ እያለ ሳድስ 5 ላይ ሳብዕ 6 ላይ ይመጣል፣ 7 ላይ እነ ሏ እና ሟ አሉ። ም ከሀ 29 ይርቃል፣ 3 ጊዜ 8 ሃያ አራት፣ ቀሪ 5፣ ሳድስ። መጨረሻ አካባቢ እነ ፘ ሲመጡ ይበላሻል እንጂ ሌላው ላይ ይሰራል። እኔ ግጥም ቤት መምቻ የምታወጣ ትንሽ ፕሮግራም በዚህ ሰርቻለሁ።

ስለ ሠርግ ያሉት ግን እውነት ነው። የቤንጋሊዋን ነጥብ ዩኒኮድ ራሱ "ሁለቱ አንድ ናቸው" ብሎ መዝግቦላቸዋል፣ ማስተካከያውን ብታሳልፍበት ይገናኛሉ። ሠ እና ሰ ግን ለዩኒኮድ ባዳ ናቸው፣ አንድ አድርጎ መፈለግ የሚፈልግ ራሱ ሰንጠረዥ ሰርቶ ነው።


ቅኔ_ቤት_ያደገ

እሽ፣ የል አንገት አሳምኖኛል። ግን አንድ ቂም አለብኝ። የዜማ ምልክቶቻችን፣ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ አሉ ተብለን ደስ ብሎን ነበር። ብራና ላይ ከፊደሉ አናት ነው የሚቀመጡት። ስተይባቸው ግን ከጎን ነው የሚቀመጡት፣ እንደ ሌላ ፊደል ተራ ይዘው። ድጓውን እንዲህ አድርጌ ባትመው መሪጌታ የሆነ ሰው ይስቅብኛል።


ጣና_ኮድ

እሱ ላይ ቂምዎ ትክክል ነው። እርስዎ ያልጠሯቸውን ሁለት ጨምሮ አስሩም የገቡት በ2005 ቨርዥን 4.1 ላይ ነው፣ ግን ተለጣፊ ተብለው ሳይሆን ራሱን የቻለ ምልክት ተብለው ነው የተመዘገቡት፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ አናት ላይ የማውጣት ግዴታ የለበትም። በዛው ቨርዥን የማጥበቂያ ምልክታችን ገብታለች፣ ያቺ ሁለት ነጥቧ፣ አለ ሲጠብቅና ሲላላ የሚለዩባት። እሷ ግን ተለጣፊ ተብላ ስለተመዘገበች አናት ላይ ትወጣለች፣ ፎንቱ ደህና ከሆነ። ደህና ካልሆነ ደግሞ ከፊደሉ ቀንድ ጋር ትጋጫለች። ያኔ የማርቆስን መከራ እኛም እናየዋለን ማለት ነው።

ይገርማል ደግሞ በዛው በ4.1 ቤንጋሊዎቹም አንድ ፊደል አግኝተዋል፣ ኮንዶ ቶ የምትባል፣ አናባቢ የሌላት ት። በፊት ቶ፣ ሀሰንታ፣ ከዛ ደግሞ የማትታይ ማያያዣ እያስገቡ ነበር የሚያወጧት። አይን የማያያት ነገር ደግሞ ኮፒ ፔስት ላይ ትጠፋለች፣ ጠፍታ እንደጠፋች ራሱ አታውቅም። ብዙ ክርክር ተደርጎባት በስተመጨረሻ የራሷን ቁጥር 09ሲኢ ሰጧት። የማትታየው ማያያዣ ግን ዛሬም ሌላ ቦታ ስራ ላይ ናት፣ የኮምፒውተር ራም ብለው ሲጽፉ እንኳን ሮ እና ዮ መሀል ካልገባች ሮዋ ወደ ላይ ትበርና ሌላ ቅርፅ ትሆናለች። ማርቆስ ያንተ ቃል ውስጥ እሷ የለችም፣ ተርፈሃል።


ቡሬ_ሞባይል

እኔ ፎንት ጫን ብዬ የወጣሁ ሰው አሁን ድጓ ላይ ደረሳችሁ እንዴ 😂 ለማንኛውም ለሱቄ አንድ ነገር ገባኝ፣ አንድ የህንድ መሀንዲስ ቴክስት ስልክ ሁለት ቴክስት ይቆርጥብኛል እያለ ሲነጫነጭብኝ ነበር።


ጣና_ኮድ

ቡሬ አዎ፣ ላቲን ባልሆነ ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 70 ነው የሚይዘው፣ ለኛም ለነሱም። የኛ 70 ማለት 70 ፊደል ነው፣ የነሱ ግን አንድ ጥምር ብቻ 3 ይበላል።


ማርቆስ_ህትመት

ተመስገን። ቅዳሜ ማታ ጨረስኩ፣ እሁድ ጠዋት ወሰዱት።

የሆነውን ልንገራችሁ። ከስልኩ የመጣውን ዎርድ ላይ ለጠፍኩ፣ በኒርማላ ፎንት ወጣ፣ ሸጋ ነው፣ ፒዲኤፍ አድርጌ አስገባሁት፣ ዘንጉም በቦታው ጥምሩም በቦታው። ከርቭ አድርጌ ዌልድ ስለው ገመዱ አንድ ሆነ (ዳንግላ ትልቅ ነገር ነው የነገርከኝ፣ መጀመሪያ ሳላደርገው ቁራጭ ላይ ሞክሬ ነበር፣ እውነትም የተሰፋ ሱሪ ነው የሚመስለው)።

ነጥቧ ላይ ግን ተሰቃየሁ። ሙከራው ላይ ቀረች። ኩዌት ባትነግረኝ ኖሮ አላያትም ነበር፣ የእንጨቱ ቀለም ራሱ ነጠብጣብ ስላለው እዛ ጋ ያለውን ነጥብ ከዋንዛው ነጠብጣብ መለየት አይቻልም። ትንሽ አሰፋኋት፣ ሁለቴ እንዲያልፍባት አደረግኩ፣ አሁንም አልታመነኝም፣ መጨረሻ ላይ በቀጭን መሮ በእጄ ጠለቅ አደረግኳትና በአመድ ሞላኋት። ፎቶ አንስቼ ለልጅቷ ላኩላት። ትንሽ ቆይታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ አማርኛው መስመር መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ነጥቦች ምንድናቸው አለችኝ። አራት ነጥብ ናቸው አልኳት፣ ፅሁፍ አለቀ ማለት ነው። የነሱ አንድ ቋሚ ጭረት ነው አለች፣ ላኪልኝ ብዬ ኤክሴል ላይ ቁጥሩን ሳየው 0964 ይላል፣ ከ0980 በፊት። ጣና፣ ይሄ ደግሞ ከቤንጋሊ ቦታ ውጪ ምን ይሰራል?


ጣና_ኮድ

እሱ የሂንዲ መንደር ውስጥ ነው ያለው። ዳንዳ ይባላል፣ ለዋና ዋናዎቹ የህንድ ፊደሎች አንዱ ይበቃል ተብሎ እዛው ተቀመጠ፣ ቤንጋሊዎቹ ዓረፍተ ነገር በጨረሱ ቁጥር ከጎረቤት እየተዋሱ ነው። ፎንትህ ቤንጋሊ ብቻ ከሆነ እሷ ጭረት በሌላ ፎንት ልትወጣብህ ትችላለች፣ ቁመቷም ይለያያል፣ ሌላ ትእዛዝ ከመጣ እሷን አስቀድመህ እይ።


ማርቆስ_ህትመት

መጥቷል እኮ። ሌሎች ተማሪዎቹ አይተው ለሚስቱም እንስራ ብለዋል፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ዛሬ ማታ እልክላችኋለሁ።